የግራ የኋላው ቸርኬ

መስከረም 22 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ረቡዕ። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ። የተገኙ፦ ጓድ ሙሉሃብት የከብት ክትባት ጣቢያችን ኃላፊ፣ ወንድሜ ቢሆነኝ ሾፌሩ፣ ጋሽ ታፈረ ዘበኛው፣ ከመርሳ የመጣው መካኒክ ሸዕባን፣ እኔ የሻረግ የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ።

ፊደል ከለየሁባቸው ወረቀቶች አንዱ ስኳር የተጠቀለለበት ቃለ ጉባኤ ነበር። እንዲህ ነበር የሚጀምረው። ከዚያ ወዲህ ቀኑን፣ አየሩንና የተገኘውን ሰው ካልጻፍኩ እጄ አይፈታም።

መንገዱ ከክረምት ወጣ፤ ላንድሮቨሯ ግን አልወጣችም። ቸርኬዎቿ አምና በኩልመስክ ድንጋይ ተጣመው ክረምቱን በግንድ ላይ ተቀምጣ ከረመች። ዛሬ አራት አዳዲስ ቸርኬዎች ከወልድያ በበቅሎ ደረሱ። ወፋፍራም ብረት ናቸው፤ አንዱን ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ። ሃያ ረጃጅም ብሎኖችም በጨርቅ ተቋጥረው መጡ፤ ለየቸርኬው አምስት አምስት።

ሸዕባን ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። አሮጌውን ብሎንና አዲሱን ጎን ለጎን ይዞ አሳየኝ።

«ብረቱ ወፈረ እትዬ የሻረግ። ብሎኑ አጥሮ ከቀረ የሚያስረው ዳዶ ጫፉን ብቻ ነክሶ ነው የሚይዝ። በጥርሱ ጫፍ የያዘ ደግሞ ሲስቅ ይለቃል።»

ቢሆነኝ «አንተ ደግሞ ብሎን ባየህ ቁጥር ተረት ይመጣብሃል» አለው። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ብዙ የሚያስቅ እንግዳ አላምንም።

ቸርኬዎቹን በመንገድ ዝናብ አግኝቷቸው እዚህም እዚያም ዝገት ጀምሯቸዋል። ጓድ ሙሉሃብት ለመስከረም ሁለት በዓል አጥሩ ተቀብቶ ከተረፈው አረንጓዴ ቀለም እንድቀባቸው አዘዙኝ። ሸዕባን ግን ዙሪያውን ብቻ አለ።

«መሀሉን፣ ከመኪናዋ ጋር የሚጋጠምበትን፣ ቀዳዳዎቹንም እንዳትነኪ። እዚያ ላይ ብረት ከብረት ነው መገናኘት ያለበት።»

«ቢዝግስ?» አልኩት።

«ይዛግ» አለና ሳቀ።

ይዛግ። የመንግሥት ንብረት ነው ይዛግ የሚለው።

መስከረም 23። ደመና። ብቻዬን።

ቀባሁ፣ ሁለት እጅ። ብሩሹ ደርቆ ስላገኘሁት ቃጫ በእንጨት ጫፍ አስሬ ነው የቀባሁት። አማረ። መሀሉን ባዶ ትቼ ሳየው ግን ፊቱን ታጥቦ አንገቱን የረሳ ሰው መሰለኝ። ሸዕባን ለሰላት ወጥቶ ነበር። መሀሉንም ቀዳዳውንም ቀባሁና ሁሉን እኩል አደረግኩት።

መስከረም 24፣ አርብ። ፀሐይ። እስከ ቀትር ሁሉም ተገኝተዋል።

ሸዕባን አሮጌ ብሎኖቹን በመዶሻ እየመታ አስወጣና አዲሶቹን ተካ። አንዴም አልሳተ። ቀትር ላይ «እኔ ሳልመጣ ቸርኬውን እንዳትገጥሙ» ብሎ ለጁምዓ ሄደ። ጓድ ሙሉሃብት ሰዓታቸውን አዩና «አብዮት ጁምዓን አይጠብቅም» አሉ። ቢሆነኝ አራቱንም ገጠመ። መካኒክ ብቻ አይደለም እጅ ያለው እያለ።

ሸዕባን ተመልሶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«መሀሉን አይተኸዋል?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? ያብለጨልጫል!» አለው ቢሆነኝ።

ሸዕባን ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ መጋዘን ገባሁ። ለምን አየኝ?

ከመጋዘኑ በር ሆኜ ሲያጠብቅ ተመለከትኩት። አንዱን ዳዶ ያጠብቅና ጎረቤቱን ዘሎ ማዶ ወዳለው ይሄዳል። ተራውን ለምን ይዘላል? ኋላ ወደ ዘለላቸው ተመለሰ። ወደ ሁሉም መመለሱን ግን አልቆጠርኩም። መቁጠር ነበረብኝ።

መስከረም 28። ብርድ። የተገኙ፦ ሸዕባን፣ ጋሽ ታፈረ፣ እኔ።

መኪናዋ ትናንት ከብልባላ ገባች። ጎህ ሲቀድ ከኪዳን ስመለስ ሸዕባን መስገጃውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ መፍቻ ይዞ፣ ከጎማው ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ምን ጎደለ?»

«አዲስ ቸርኬ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው እትዬ። ቤቱን እስኪለምድ ቶሎ ቶሎ ማየት ነው።»

ቀልዱን አልወደድኩትም። ጋሽ ታፈረም አይተውታል። «የጸለየ ሰው ወደ ቁርሱ ነው የሚሄድ። ይሄ ወደ ጎማ ነው የሚሄድ። የቆላ ሰው ነው ደግሞ፤ ማን ልኮት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አሉኝ። የቆላ ሰው መሆን ወንጀል ነው ወይ ልላቸው አስቤ ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ስምምነት ነው የሚቆጥሩት፤ አውቃለሁ።

መስከረም 30፣ ሐሙስ። ነፋስ።

በቸርኬዎቹ ላይ ጽሑፍ አለ። በቢጫ ጠመኔ፣ ከእያንዳንዱ ዳዶ ተነሥቶ ቸርኬው ላይ የሚያልቅ አጭር መስመር። ሃያ መስመር። ጠዋት ስትወጣ ሁሉም ቀጥ ያሉ ነበሩ። አመሻሽ ላይ መኪናዋ ስትገባ በግራ የኋላው ላይ ሁለቱ ተሰብረዋል፤ ዳዶው ላይ ያለው ግማሽ ወደ ጎን ዞሯል፣ ቸርኬው ላይ ያለው ግማሽ በቦታው አለ።

በመንገድ ላይ መልስ የጻፈበት ሰው አለ ማለት ነው?

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ያለውን ሁሉ አንብቤያለሁ። የማላነበው ጽሑፍ ያስፈራኛል። በዚህ ዘመን ከዚህም ባነሰ ምልክት ሰው ጠፍቷል።

ጥቅምት 3፣ እሑድ። ፀሐይ፣ ጠዋት ውርጭ።

ዛሬ ሥራ ስለሌለ በሰፊው እጽፋለሁ። ሸዕባን የቀኝ የፊቱን ቸርኬ ፈትቶ መሬት ላይ አጋድሞት ነበር። በቢላ ይፍቀዋል። የቀባሁትን! ውኃ ልቀዳ ስወጣ አየኝና እጁን አቆመ። እግሩ ሥር የወደቀውን ፍቅፋቂ በጫማው ሸፈነው። ደህና አደርሽ እንኳ አላለኝም፤ ዘወትር የሚለውን።

እሱ ሲገባ ሄጄ ፍቅፋቂውን ለቀምኩ። በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ። ንብረት ማበላሸት ነው። ምስክር ቢጠየቅ ባዶ እጄን አልቀርም።

ግን ለምን ከእኔ ሸፈነው? ከጓድ ሙሉሃብት ቢሸፍን ይገባኛል። እኔ ማን ነኝ?

ጥቅምት 8። ደመና።

«እትዬ የሻረግ፣ ነይ እስቲ አንድ ነገር ላሳይሽ። ለብቻሽ» አለኝ።

«ሥራ አለብኝ።»

«አብሽሪ፣ የሚያስቆጣ አይደለም። ማንም አያውቀውም።»

ማንም የማያውቀውን ነገር ለብቻዬ! ጥዬው ሄድኩ። ሦስተኛውን ቸርኬም ፍቆታል። መኪናዋ በየቀኑ ስለምትወጣ አንድ አንዱን ነው የሚያዳርስ። የቀረው የግራ የኋላው ነው።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ። ውርጭ። ሁሉም ነበሩ። በችኮላ።

በኩልመስክ ከብት እየረገፈ ነው ተባለ። ክትባቱ ከነበረዶው ተጫነ። ሸዕባን የግራ የኋላውን ሊፈታ የመኪና ማንሻውን ክሪክ ሲያስገባ ጓድ ሙሉሃብት «አሁን አይደለም!» ብለው ከለከሉት፤ ቢሮ ጠሩት። ሲያልፍ ለቢሆነኝ የምነግርለት አንድ መልእክት ሰጠኝ። ቢሆነኝ በረዶው ቀለጠ እያለ ይጮሃል። ስንቁን አቀበልኩት። ሄደ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ሚካኤል። ጥርት ያለ።

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ተቀምጫለሁ። የሸዕባንን መልእክት እዚህ ላይ ላስፍረው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይቁምና የግራ የኋላውን ያጥብቀው። እሱን አላደረስኩትም።»

ለቢሆነኝ አልደረሰውም። ጊዜ አልነበረም። ጊዜ ቢኖርስ ለማላምነው ሰው ለምን መልእክተኛ እሆናለሁ? ከቀበሌው ወዲያ፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ፣ ቤት የለም፤ እዚያ ቁም የሚባለው ለምንድን ነው? የሚጠብቀው ሰው ቢኖርስ? ለወንድሜ አስቤ ነው። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ለእሱ ያላሰብኩበት ቀን የለም።

ደግሞ ጊዜ አልነበረም።

ጥቅምት 13። አየሩን አላየሁም።

ቸርኬው ወለቀ። ቁልቁለቱ ላይ። የግራ የኋላው። መኪናዋ ገደሉ አፍ ላይ በአንድ ቋጥኝ ተይዛ ቀረች። ቢሆነኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ወጌሻ እያየው ነው፤ ነፍሱ ደህና ነው። ክትባቱ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ።

ሸዕባንን ከቀትር በፊት ወሰዱት። ቀበሌ ነው ያለ። ሲወስዱት መፍቻውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠ፤ እንዳይጮህ ብሎ ይመስል።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ። ነፋስ። የተገኙ፦ ጓድ ሙሉሃብት፣ ቢሆነኝ፣ እኔ።

ቢሆነኝን በቃሬዛ አመጡት። ጓድ ሙሉሃብት አልጋው አጠገብ ቆመው ጠየቁት። «መካኒኩ ከመሄድህ በፊት ምን አለህ?»

«ሌላ ጊዜ ቆመህ አጥብቅ፣ ቆመህ አጥብቅ እያለ ጆሮዬን ነው የሚበላው። እኔም አንዳንዴ ነው የምሰማው፣ አልዋሽም። ያን ቀን ግን ምንም አላለኝም።» ወደ እኔ ዞረ። «ምንም አላለኝም እታለም። ይሄ ነው የገረመኝ።»

ጓድ ሙሉሃብት «አውቆ ነው ዝም ያለው። አሻጥር ነው» አሉ።

ከጣቢያው የእኔ ጽሕፈት ይነበባል ተብሎ ቃሌን ራሴ እንድጽፍ ወረቀት ሰጡኝ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። በንጋት ከጎማ ሥር አይቼዋለሁ። ምልክት አድርጓል። በቢላ ፍቋል። የመንግሥት ንብረት ይዛግ ብሏል። አንድም ውሸት የለበትም። ፈረምኩ። «እንዳንቺ ያለ ንቁ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አሉኝ። የጠቀለልኩትን ፍቅፋቂ ሳልሰጣቸው ወጣሁ። ለምን እንዳልሰጠሁ አላውቅም።

ጥቅምት 19። ፀሐይ።

ገበሬዎች መኪናዋን በጠፍር ጎትተው አወጧት። የወለቀውን ቸርኬ ጎማው ወጥቶለት በአህያ አመጡትና መጋዘን ጣሉት። ማስረጃ ነው፣ ማንም አይንካው ተባልኩ። ጆንያ አልብሼዋለሁ። አላየሁትም። ምን አለው የሚታይ?

ጋሽ ታፈረ የወልድያ ሰዎች ለጥቅምት 26 ተቀጥረዋል አሉ። ሸዕባንን ይወስዱታል። «ከዚያ የተመለሰ እስካሁን አላየሁም። አሟሟቱን እንኳ የሚነግርህ የለም» አሉ። ከዚህ በፊት ስለ እሱ ሲያወሩ የነበረው ድምፅ ዛሬ የለም።

ጥቅምት 22፣ አርብ። ደመና። የተገኙ፦ ኡሙሀኒ የሸዕባን ሚስት፣ እኔ።

ከመርሳ መጣች። ከወልድያ ወዲህ በእግሯ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ብርቱካን ቋጥራለች። የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጠች፣ ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«የሻረግ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ መልክሽንም ነግሮኛል። ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰው ቢጠፋ እትዬ የሻረግን ጠይቂ፣ እጇ ልቅም ያለ ነው ብሎኛል። አምስት ደቂቃ ነው ያገናኙኝ፤ ግማሹን ስለ አንቺ ጽሕፈት አወራ። እኔ ስለ ልጆቹ ላወራ ነው የመጣሁት!»

በቃሌ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ መሆኑን አላወቀችም። ወይም አውቃለች። ፊቷን ሳየው መለየት አልቻልኩም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀለም ነው ይላል። ዳዶው ቀለም ላይ ነበር የተቀመጠው፣ ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል ይላል። መሀሉን ማን ቀባው ሲሉት አላየሁም ይላል። ለእኔ ለብቻዬ 'ቀለሙ ውስጥ ቃጫ ተጣብቆ አይቻለሁ፤ የቀባው ሰው ለማሳመር ነው፣ ክፋት የለበትም' አለኝ። ቃጫውስ ምንድን ነው ስለው ወደ ጽሕፈትሽ ወሬ ተመለሰ። አንቺ ይገባሻል?»

ነገ እጽፍልሻለሁ አልኳት። ሁለት ብርቱካን ሰጠችኝ። አልቀበልም ብል ታዝናለች ብዬ ተቀበልኩ። ደፉ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አልነካኋቸውም።

ጥቅምት 23። ደመና። አልጻፍኩላትም። አሞኛል አልኳት።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ። የተገኙ፦ እኔና ቸርኬው።

በሩን ከውስጥ ዘግቼ ጆንያውን ገለጥኩ። ገለበጥኩት።

መሀሉ አረንጓዴ ነው። ከመኪናዋ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተድጦ እንደ ሊጥ ወደ ዳር ተገፍቷል። አምስቱ ቀዳዳዎች ክብ አይደሉም፤ ብሎኖቹ እየተላወሱ በልተዋቸው ሞላላ ሆነዋል። በሦስተኛው ቀዳዳ ከንፈር፣ ከቀለሙ ሥር፣ አንድ የቃጫ ክር አለ። የጣት ግማሽ ይሆናል። በጥፍሬ ነካሁት። የእኔ ነው።

ሸዕባን ይዛግ ያለው ገብቶኛል። መዝለሉም ገብቶኛል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ ነው፣ ጆንያ ስደረድር እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። የተሰበረው መስመር መልስ አልነበረም። ዳዶው ዞረ ማለት ነው። ሃያ ጊዜ በግልጽ ተጽፎልኝ አላነበብኩትም። ንጋት ንጋት የሚንበረከከው የእኔን ሥራ ሊያጠብቅ ነበር። ፍቅፋቂውን በጫማው የሸፈነው ለእኔ ነበር።

ይህን ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ራሴን ጠየቅኩ። የፍቅፋቂውን ጥቅል ለጓድ ሙሉሃብት ያልሰጠሁ ዕለት አውቅ ነበር? ቢሆነኝ «ምንም አላለኝም እታለም» ሲለኝ እኔ የማውቀውን አውቅ ነበር። መልእክቱን ግን የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ታስሯል።

ቢላ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፣ ሸዕባን ቀለም ነው ያለው ውሸት ይሆናል፣ ነገ ይዘውት ይሄዳሉ፣ እኔም ንቁ ሰው ሆኜ እቀራለሁ። ቢሆነኝም ክንዱን የሰበረው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ያረጃል።

ቢላውን አወጣሁ። አስቀመጥኩት። ሁለቱን ብርቱካን ላጥኩበትና በላኋቸው። ከአርብ ጀምሮ አፌ ምግብ አልቀመሰም ነበር።

ማመልከቻውን ጻፍኩ። አጭር ነው። በኡሙሀኒ ስም አይደለም።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ። ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም። የተገኙ፦ ጓድ ሙሉሃብት፣ ከወልድያ የመጡ ሁለት ሰዎች፣ ጋሽ ታፈረ፣ ቢሆነኝ ክንዱ ታስሮ፣ ኡሙሀኒ ከአጥሩ ውጭ፣ ሸዕባን በሁለት ጠባቂ መካከል፣ እኔ።

ብቻዬን ማንሳት ስለማልችል ቸርኬውን ወደ ፊታቸው አንከባለልኩት።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ። ከዚህ ሆኜ አየሩ አይታይም፤ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ደማቅ ነው። የተገኙ፦ እኔ።

ይህ ወረቀት ብርቱካን የተጠቀለለበት ነው። ኡሙሀኒ ናት ያመጣችልኝ። ጠባቂው እርሳስ አቀበለኝ፣ ቁራጭ። የመጋዘኑ ቁልፍ ወገቤ ላይ የለም፤ እጄ ግን ይፈልገዋል። ወልድያ መቼ እንደምሄድ አልነገሩኝም። ቢሆነኝ አልመጣም። ስለ መልእክቱ ስናገር ፊቱን አይቻለሁ፤ ባይመጣ አይፈረድበትም።

ሸዕባን አሮጌ ቸርኬ በመዶሻ አቃንቶ፣ የተቆረጡትን ብሎኖች ተክቶ፣ መኪናዋን አስነሥቷታል። ይህን የነገሩኝ ጋሽ ታፈረ ናቸው፣ በስንጥቁ በኩል፣ ዙሪያቸውን እያዩ።

አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ መጣች። ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ቀበሌውን አለፈችና ወደ ኩልመስክ የሚወስደው ቁልቁለት ሳይጀምር ቆመች። በር ተከፈተ። ከዚያ መፍቻው ዳዶ ላይ ሲያርፍ፣ ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ። መቁጠር ጀመርኩ። አምስት። እግር ዞረ። አሥር። አሥራ አምስት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ሃያ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመረች።